ነርሷን ልይዝ እንጦጦ የወጣሁ ዕለት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። አንድ የውጭ የሕክምና ረድኤት ድርጅት ከነርስነት አንስቶ የፕሮግራሙ ኃላፊ ሲያደርገኝ፣ የካ ሚካኤል አጠገብ ቢሮም ሲሰጠኝ፣ ጭራሽ ባሰብኝ። ወንበሩ ነው መሰል፣ ሰው ሁሉ የሚዋሸኝ ይመስለኝ ጀመር።

ከሁሉም ያስጠረጠሩኝ እናቴ የሚሆኑ አንዲት አንጋፋ ነርስ ነበሩ። ሥራቸው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል መጥተው ቤት የተከራዩ የኤች አይ ቪ ሕሙማንን እየዞሩ ማየት ነው። ታዲያ መኪና አይፈልጉም፤ ጋዋን አይለብሱም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው ዳገቱን በእግራቸው ይወጣሉ። የሚያመጡት ሪፖርት ደግሞ ሁሉም በአንድ ቁጭታ የተጻፈ ይመስላል።

«መኪናውን ለምን አይወስዱትም?» አልኳቸው።

«ይቅርብኝ ልጄ፣ እግሬ ይሻለኛል።»

ኤዲያ! ይህቺን እኔ አላውቃት? ቤታቸው ቁጭ ብለው ወረቀት ይሞላሉ ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ጠዋት ሳልነግራቸው የድርጅቱ ምልክት በጎኗ ባለባት ነጭ መኪና ወጣሁ። ከሕሙማኑ ዝርዝር የመጀመሪያዋ ከወሎ የመጣች ወጣት ነበረች፤ ባሕር ዛፉ ሥር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። በሩን የከፈቱልኝ አከራይዋ ናቸው።

«እዚህ ቤት ነርስ ይመጣል?»

«የምን ነርስ? አክስቷ ብቻ ናቸው የሚጠይቋት። ይኸው አሁንም ውስጥ ናቸው።»

ያዝኳቸው! አልኩ በሆዴ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ።

ከክፍሉ ብቅ ያሉት «አክስት» ነርሷ ነበሩ። ሲያዩኝ ፊታቸው አመድ መሰለ። አከራይዋ እሳቸውን አዩ፣ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አዩ፣ መኪናዋን አዩ። ያቺ መኪና ለየትኛው በሽታ ደጅ ላይ እንደምትቆም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ጨጓራ ነው ያላችሁኝ!» ብለው ጮኹ አከራይዋ ወደ ክፍሉ ዞረው። «ዛሬውኑ ቤቴን ልቀቂልኝ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ነርሷ በየቤቱ ዘመድ ሆነው እየገቡ፣ ያዩትን በቃላቸው ይዘው ቤታቸው ይጽፉ ኖሯል። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«ጠይቄዎት ነበር እኮ! ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው፣ ልጅቷ ጓዟን ስትሸክፍ ደጅ ቆመን። ጥፋቴን ለማካፈል እንኳ አላፈርኩም።

«ዋሽታ ትሠራለች ብለሽ ለነጮቹ የምትነግሪብኝ መሰለኝ። እኔም አላመንኩሽም፣ ልጄ።»

ልጅቷ መኪናችን ውስጥ አልገባም አለች። ሌላ ክፍል እንፈልግልሽ ብንላትም አልሰማችን፤ ጓዟን አዝላ በጓሮ በኩል ወጣች። ነርሷና እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ የወሎ አውቶቡስ የሚነሳበት ላምበረት አውቶቡስ ተራ እየዞርን ሾፌሩን፣ ተሸካሚውን፣ አልጋ አከራዩን ሁሉ ጠየቅን። አላገኘናትም። ነርሷ በቃላቸው እንደያዙት፣ መድኃኒቷ ያለቀው በወጣች በሦስተኛው ቀን ነው።