የጃርቷ ብዕር

ልጅ ሳለሁ፣ ሰበታ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር እኛ የሰፈሩ ልጆች ከማዘን ይልቅ እንፈነድቅ ነበር፤ መብራት ጠፋ ማለት ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ፋኖሳቸውን ለኩሰው በረንዳቸው ላይ ይቀመጣሉ ማለት ነበርና።

ኦቦ ቱሉ ቀን ቀን በርና መስኮት የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። ሲመሽ ደግሞ ከተረፋቸው የወይራ ቁራጭ ብዕር ይሠራሉ። እስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለም የሚሞላ ብዕር። እንጨቱን በሰንጢ እየፋቁ ያለሰልሱታል፣ ውስጡን በጋለ ብረት ይቦረቡሩታል፣ ከዚያ ከተሰበረ የቻይና ብዕር ያወጡትን ጫፍና ቀለም መምጠጫ ጎማ ይገጥሙበታል። ፍቅፋቂው እግራቸው ሥር ያለው የከሰል ምድጃ ውስጥ እየወደቀ ቦግ ይላል፤ ያኔ የወይራው ጢስ ዓይናችንን እያስነባ፣ ከወጨጫ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጀርባችንን እየቆነጠጠ፣ እሳቸው እጃቸውን ሳያሳርፉ ተረት ይነግሩናል።

ታዲያ ደንብ ነበራቸው። አንድ ብዕርና አንድ ተረት አብረው ይጀመራሉ፣ አብረው ያልቃሉ። ሌላው ሰው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲል ለወጉ ያህል ነው፤ ኦቦ ቱሉ ግን የምራቸውን ነበር። ተረቱን ሳይጨምር ሳይቀንስ የመለሰላቸው ልጅ ብዕሩን ይወስዳል። የወሰደውም በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ በቀለም የተጨማለቀ ጣቱን ለሁሉም ሲያሳይ ይውላል፤ ብዕሮቹ እንደ ጉድ ያንጠባጥቡ ነበርና።

እኔ አንድም ቀን አልወሰድኩም። እስካሁን ያናድደኛል።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የጃርት ተረት ነው። አያ ጅቦ ሠርግ ተጠርቶ ሲሄድ አጥር ቆዳውን ቀደደበትና ጃርትን «አንድ እሾህሽን አውሺኝ፣ ቀዳዳዬን ልያዝበት፤ ከሠርጉ ስመለስ እመልስልሻለሁ» አላት። ሰጠችው። ሠርጉ አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ፣ እሾኋ ግን አልተመለሰም። ቤቱ ድረስ ሄዳ ብትጠይቀው «አሁንማ ለምጄዋለሁ፤ ብነቅለው ቆዳዬ ይተረተራል። ራቁቴን ልታስቀሪኝ ነው?» ብሎ ተቆጣት። ጃርት ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች።

በቃ፤ መጨረሻው ይኸው ነው።

«ዝም ብላ?» እላለሁ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ።

«ዝም ብላ» ይላሉ ኦቦ ቱሉ፣ ዓይናቸውን ከሰንጢው ሳያነሡ።

የመመለሱ ተራ ሲደርሰኝ አፌ እሺ አይለኝም። የእኔ ጃርት የጅቡ መኝታ ላይ ሄዳ እሾኋን ሁሉ አቁማ ትተኛለች፤ ጅቡ በጨለማ ጋደም ሲል ጎኑን ይወጋና «ዋይ! ዋይ!» እያለ የወሰደውን ይመልስላታል። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ በማግስቱም ድገሚው ይሉኛል። ኦቦ ቱሉም ይስቃሉ፤ ብዕሩን ግን መልሰው ኪሳቸው ይከቱታል። «አንቺ ልጅ፣ ብዕር እጅሽ ከገባ ያልሆነውን ሆነ ብለሽ ትጽፊያለሽ» ይሉኛል። የጃርቷን ብዕር በመጨረሻ የወሰደችው ጫልቱ ናት፤ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ የነበረ፣ የነገሯትን እንደ ቴፕ የምትመልስ ጓደኛዬ። ስንት ቀን አኩርፌያት ነበር!

አድጌ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ብዕር የመሰብሰብ አመል አመጣሁ። ውድ ውዱን አይደለም፤ መርካቶ ጥጋጥግ ላይ የሚሸጠውን ርካሹን የቻይና፣ አንድ የፉሪ ልጅ ከቀርከሃ የሚሠራውን፣ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ዘንድ ክዳኑ ጠፍቶ የተጣለውን። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተሸጋግሬያለሁ። ባለቤቴ «ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በጠፋበት ዘመን ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» ይላል። ግማሾቹ ቀለም ይተፋሉ፣ ግማሾቹ ወረቀት ይቧጥጣሉ፤ አንዱን ጠግኜ ሳልጨርስ ሌላው ይደፈናል። ደግሞ የትኛውም ቢሆን የወይራ ጢስ አይሸትም።

ኦቦ ቱሉ ካረፉ ቆይተዋል። ብዕሮቻቸውን ፍለጋ የወጣሁት ዘንድሮ ነው። ከወሰዱት ልጆች አንዱ የነበረው ተስፋዬ አሁን ቡራዩ ይኖራል፤ ሄጄ ብጠይቀው «ቤት ስንቀይር የት እንደገባ እንጃ» አለኝ። ተረቱስ? እሱንም ከዕቃው ጋር ጥሎት ሳይሄድ አልቀረም። ሌሎቹም ያው ናቸው፤ አንዱ ልጄ ሰበረው ይላል፣ ሌላው የምን ብዕር ይለኛል። እኔ በምኞት የተቃጠልኩበትን ዕቃ እነሱ መቼ እንደጠፋባቸው እንኳ አያውቁም! የቀረኝ የጫልቱ ብቻ ነበር።

ጫልቱ ሱሉልታ አግብታ ነው የምትኖረው። «አካም ጅርታ!» ብላ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም፣ የእኔ ዓይን በትከሻዋ አልፎ ቡፌው ላይ ነበር። ብዕሩ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ ተጋድሟል። እንጨቱ ጠቁሯል፣ ጫፉ ዝጓል፤ ሰንጢው ያረፈበት ቦታ ግን ሁሉም ይታያል። ከእኔ ብዕሮች የፈለግሽውን መርጠሽ ይህን ስጪኝ ብዬ ለመንኳት።

ሳቀች። «ለውጥ አልፈልግም። በኦቦ ደንብ ነው፤ የጃርቷን ተረት መልሺና ውሰጂው።»

በዚህ ዕድሜዬማ አልሳሳትም አልኩ። ሠርጉን፣ ቀዳዳውን፣ ትውስቱን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ጃርቷን ደጃፉ ላይ ካቆምኳት በኋላ ምላሴን ነክሼ ወደ ቤቷ ሰደድኳት። ልክ እንደሰማሁት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ጫልቱ ግንባሯን ቋጠረች። «ላኪ፣ የለም፣ እንደሱ አይደለም። መኝታው ላይ ትተኛበታለች እንጂ! ሲፈን፣ ነይ እስኪ ንገሪያት።»

ትንሿ ልጇ ከጓዳ ወጥታ፣ ያኔ እኔ የፈጠርኩትን መጨረሻ አንድም ሳይቀራት ደገመችልኝ። የጅቡን «ዋይ! ዋይ!» እንኳ ልክ እኔ እንደምጮኸው ነው የጮኸችው።

«እሱን እኮ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ጫልቱ! እሱን በማለቴ አይደል ብዕሩን የተከለከልኩት?»

«አንቺማ ያኔም ሁሌ ትሳሳቺ ነበር» አለችኝ እጄን በፍቅር ይዛ። «በትክክል መልሼ የወሰድኩት እኔ አይደለሁ? ልጆቼን ሁሉ በዚህ ተረት ነው ያሳደግኳቸው።»

ምስክር ይሆኑኝ የነበሩት ሰው አፈር ውስጥ ናቸው።

ጥሩ ጥሩው መልስ የመጣልኝ ሚኒባሱ የእንጦጦን ዳገት ከተያያዘው በኋላ ነው፤ ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ። ሳስበው፣ ብዕሩን የወሰደችው የእኔን ተረት ይዛ ቀረች፤ የኦቦ ቱሉ ተረት ደግሞ ብዕር በነፈጓት ልጅ ዘንድ ብቻ ተረፈ። ይህ ሊያጽናናኝ ይገባ ይሆናል። አላጽናናኝም፤ እኔ የምፈልገው ብዕሩን ነው። ያኔ ጃርት ለምን ዝም እንዳለች አልገባኝም ነበር፣ የፈራች ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው እውነቱን ይዞም የሚለው ሊጠፋው ይችላል።

የዚያን ዕለት፣ ሚኒባስ ከመያዜ በፊት፣ ጫልቱ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ደጃፏ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ።