ሹፌሩ ያፈረበት ሕመም
ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ትዳር አልያዘም፤ ልጅም አልወለደም። ካንሰሩ ከቆሽቱ ተነስቶ ሆዱን ሲያዳርሰው ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ሥቃዩን ማስታገስ እንጂ ማዳን እንደማይቻል ነግረው ወደ ቤት ሰደዱት። የተቀበለችው ባሏ የሞተባት ታላቅ እህቱ ናት። ሳሎኗ ውስጥ መስኮቱ ሥር አልጋ ዘረጋችለት።

ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ ለሥቃዩ ሞርፊን በጠርሙስ፣ ከሱ ጋር ሆድ የሚያለሰልስ ክኒን ሰጠችው።

"ሞርፊኑ ሆድ ያደርቃል፤ ክኒኑን እንዳያቋርጡ" አለችው።

እሱ ግን ክኒኑ ቢያጣድፈኝ እህቴ ልታጥበኝ ነው ብሎ ፈራ። ፍራሹ ሥር ይሸጉጠው ጀመር። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ የቀመሰውን ሁሉ ያስመልሰዋል። ጥፋቱን በሞርፊኑ አላከከና እሱንም እህቱ ዞር ስትል ይደፋው ገባ። ስትጠይቀው ጥርሱን ነክሶ "ደህና ነኝ እትዬ" ይላታል።

አንድ ቀን አንሶላ ስትቀይር ክኒኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሆዴ እንቢ ካለኝ ሰነበተ። ሞርፊኑንም ትቼዋለሁ።"

"ታዲያ እንዴት አትነግረኝም?"

"ዕድሜዬን ሰው ሳሳፍር ኖሬ ይኸው በተራዬ አፈርኩ።"

አልሳቀችም። "ሕፃን ሆነህ ጀርባዬ ላይ ስንቴ ለቀህብኛል። ያኔ ማን አጠበህ?"

ነርሷ ተጠርታ መጣች። ሆዱን ዳሰሰች፣ በማዳመጫዋ አዳመጠች። አንጀቱ አልተዘጋም፤ ደርቆ ነው። ከታች የሚገባ መድኃኒት ሰጠችውና አመሻሹ ላይ ተገላገለ። እህቱ ስታጥበው ዓይኑን አንዴም አልገለጠም። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም መድኃኒት በእጇ አስዋጠችው። እንቅልፍ ወሰደው፤ ጥቂት ሰሞን ስለ ተሳፋሪዎቹ እያወራ አሳቃት።

ቆይቶ ግን ዕጢው አንጀቱን በእውነት ዘጋው። ነርሷ ክኒኑን አስቆመች፤ በቀጭን መርፌ ከቆዳው ሥር ሞርፊንና የማስመለስ ማስታገሻ ታስገባለት ጀመር።

"ማስመለሱን ይቀንስላቸዋል እንጂ መንገዱን አይከፍትላቸውም" አለቻት እህቱን ኮሪደር ላይ።

እህቱ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ታረጥብለት ነበር። አንድ ጠዋት ጨርቁን ጨምቃ ስትመለስ ትንፋሹ የለም።

ነርሷ የተረፈውን መድኃኒት ልትሰበስብ ስትመጣ እህቱ ሸኘቻትና በሩ ላይ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"ሞርፊኑን በተወው ጊዜ፣ ብዙ አሞት ነበር?"

ነርሷ ወደ እሷ ዞረች።

"አዎ እማማ። ብዙ አሟቸው ነበር።"

እህቱ ራሷን ነቀነቀች። በሩን ዘግታ ገባችና ፍራሹን ለብቻዋ ታጥፈው ጀመር።