ሰሌን ሻጩ ለቅሶ ሲደርስ

የመተማውን ሰሌን ሻጭ ስሙን የጠየቀው የለም። ሽሬ ላይ የጣሊያን ጥይት ከግንባሩ አጥንት ቆርሶ ወስዶበታል፤ ጠባሳውን በሻሽ ይሸፍነዋል። ከዚያ ወዲህ ሐዘንም ደስታም አይሰማውም ይባላል። ለቅሶ ቤት ሲገባ መጀመሪያ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ፊት ያያል፤ ያ ሰው ከንፈሩን ከመጠጠ እሱም ይመጥጣል፣ ፈገግ ካለም ፈገግ ይላል። የገበያው ሰው ልበ ቢስ ይለዋል።

አገኘሽ የምትባለው የሰፈሩ ሴትም እንደዚያው ትለው ነበር። ባሏን ንዳድ ገድሎባት ሰሌን ሻጩ በሰልስቱ ሲመጣ፣ ልማዱን ስለምታውቅ በዓይኗ ተከተለችው። ዳሱ ውስጥ ወሬው ወደ ዝናቡና ወደ ማሽላው ዞሯል፤ ሳቅም ተጀምሯል። ሰውየው የተቀመጠውን ሁሉ ፊት በየተራ አየ። በመጨረሻ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ፤ አልሳቀም።

ሰዉ "እግዜር ያጥናሽ" እያለ ሲነሳ እሱ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም።

"አንተስ ወንድሜ፣ አትሄድም?" አለችው።

"ሌላውን ሰው ልቡ ይነግረዋል፤ ለእኔ የሚነግረኝ ፊት ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እርሰዎ ሐዘኑ ገና አልወጣልዎትም።"

እንባዋ መጣ። እንደ ወጉ ፊቷን በነጠላዋ ልትሸፍን አለችና ተወች፤ እያያት አለቀሰች።