ለጠመንጃው ጓደኛ ስንፈልግ

ወንድሜ ከጄኔቭ ሲደውል ደህንነቴን ከመጠየቁ በፊት «እህ፣ ሽጉጥ አገኘሽልኝ?» ይለኝ ነበር። «መጀመሪያ እንደምን አደርሽ አይባልም?» ብዬ እቆጣዋለሁ፤ እሱ ይስቃል። እኔ ግን ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ ውስጥ፣ የስልኩ ገመድ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ ወዲያና ወዲህ እላለሁ።

ጠመንጃውን ገዝቷል። የቀረው ሽጉጥ ነው። ሽጉጡ የተገኘ ዕለት ሻንጣውን ይዞ ሱዳን ይገባል፤ ከሱዳን ደርግን ሊወጋ ድንበር ይሻገራል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማም። እንዲህ ነበር የማስበው፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። ጄኔቭ ላይ አብረውት ሻይ ይጠጡ ከነበሩት ጓደኞቹ ሁለቱ በዚያው መንገድ ሄደው የውሃ ሽታ ሆነው ቀርተዋል።

ጠመንጃውን የጠቆምኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው! ኡስተር በምትባል ጎረቤት ከተማ ባለ አንድ የአዛውንት መጦሪያ ቤት ልብስ አጣቢ ነበርኩ። እዚያ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ በወጣትነታቸው አሜሪካ ሠርተው ያመጡትን ጠመንጃ ልጃቸው ሊሸጠው ነው ሲባል ሰማሁ። ከቃታው ሥር ባለ እጀታ የሚቀባበል ጠመንጃ ነው፤ እጀታውን ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ቁርጥ የአባዬን። እንዲያው ለጨዋታ ያህል ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። በማግስቱ ከሥራው አስፈቅዶ በባቡር ከች አለ።

አባዬ ጡረታ የወጣ መኮንን ነበር። እንደዚያ ያለ ጠመንጃና አንድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከአያታችን ወርሷል። ሁለቱም የሚጎርሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነው። «አንድ ዝናር ለሁለቱ» ይል ነበር ሲኮራባቸው። አያታችን ያረፉ ጊዜ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ግን አባዬ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ፣ ሽጉጡን ከነዝናሩ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በለቀስተኛው መሀል እየተመላለሰ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ፈርቼ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅኩ።

ደርግ መሣሪያ አስረክቡ ባለ ጊዜ አባዬ ሁለቱንም በጋቢ ጠቅልሎ ራሱ ቀበሌ ወሰዳቸው። «ሕግ ነው» አለ። ሕግ! ብዙም ሳይቆዩ መጥተው እሱን ራሱን ወሰዱት። እኛ እዚህ ሆነን የምናውቀው መታሰሩን ብቻ ነበር።

ከዚያ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ዙሪክ የሚኖሩ፣ ሁላችንም እንደ አባት የምናያቸው አንድ የአገራችን ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ማልደው በሬን አንኳኩ። ገና ሳያቸው ገባኝ። በጠዋት እንደዚያ ፊቱን ቋጥሮ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ አበሻ የለም። አባዬ ተገድሏል። አስከሬኑን አልሰጡም፤ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችን ለቅሶ እንዳይቀመጡም ተከልክለዋል። አልቅሼ አልቅሼ ሲደክመኝ ሽማግሌው «ለወንድምሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ። «ደሙ ፈልቶ ነገውኑ ይሄዳል። ፋሲካ ይለፍና እኛ ሄደን በወጉ እናረዳዋለን።» ማልኩላቸው።

ፋሲካ አለፈ፤ ጋሼ ጠመንጃውን የገዛው ያን ሰሞን ነው። ጰራቅሊጦስም አለፈ። ሽማግሌው «ትንሽ ይቆይ» ይላሉ። እኔ ከላይ ቀይ ሹራብ፣ ከሥር ጥቁር ካናቴራ ለብሼ በየቅዳሜው ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ወንድሜን እቀበላለሁ። ለቅሶዬን የማለቅሰው መጦሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ የልብስ ማጠቢያዎቹ ሲጮኹ ማን ይሰማኛል።

ቅዳሜ የሽጉጥ ቀን ነው። ጠመንጃው ያለ ብዙ ጣጣ ተሸጠለት፤ ለሽጉጥ ግን ፈቃድ ይጠየቃል፤ እሱንም ጨርሷል። ጄኔቭ ያሉትን ሱቆች በፈረንሳይኛው አዳርሶ የሚፈልገውን አጥቷል። ዙሪክ ላይ ደግሞ ጀርመንኛ ያስፈልጋል፤ ጀርመንኛ የምችለው እኔ ነኝ። ያኔ ነው ዘዴው የመጣልኝ። የማስተረጉምለት እኔ እስከሆንኩ ድረስ እንከን የሌለው ሽጉጥ ዙሪክ ውስጥ አይኖርም!

ከወንዙ አጠገብ ያለው ባለሱቅ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ደግ ሰው ነበር። አንዱን ሽጉጥ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀመጠና ከዚህ የተሻለ እንደማይገኝ፣ ብዙም እንዳልተተኮሰበት ነገረኝ።

«ምን አለ?» አለ ወንድሜ።

«ውስጡ ዝጓል አለ፣ ጋሼ።» ወንድሜን በዕድሜ በጣም ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው።

«ራሱ ባለሱቁ?»

«ሐቀኛ ሰው ነው።»

ጋሼ ሽጉጡን ወደ መብራቱ አንስቶ በአፈሙዙ ውስጥ ተመለከተ። «እውነትም ዝጓል» ብሎ መልሶ አስቀመጠው። በስመአብ! እንደ መስታወት የሚያበራውን! ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ተሳካልኝ ብዬ እግሬ መሬት አልነካም።

በሌላ ሱቅ «ጥይቱ ከጠመንጃው ጋር አይሄድም ይላል» አልኩት። «ቁጥሩ እኮ አንድ ነው» ቢለኝ «የአሜሪካንና የአውሮፓ ይለያያል» አልኩ፤ ስለ ጥይት የማውቀው ሰው መግደሉን ብቻ ሆኖ ሳለ። አንዱን እጀታው አጭር ነው አልኩ። አንዱን ጥይት የሚጎርሰው ክብ ሲዞር ይንቀጫቀጫል አልኩ። አንዱንማ «ባለቤቱ ራሱን ያጠፋበት ነው አሉ» ብዬ አማተብኩ። ጋሼም አብሮኝ አማተበ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዳቦ በቋሊማ እንበላለን። እኔ ግን መቀመጥ አልችልም፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሼ እነሳለሁ፣ ዞሬ እመለሳለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ምነው አንድ ቦታ ቢያስቀምጥሽ?» ይለኛል። አንተ ቁጭ በልልኝ እንጂ እኔስ ቆሜ እውላለሁ፣ እላለሁ በልቤ።

ጢሙን ማሳደግ ጀምሮ ነበር። «ምንድን ነው ይሄ፣ ልትመነኩስ ነው?» ብዬ ብተርበው «ጄኔቭ ላይ ፋሽን ነው» አለኝ። ፋሽን! ለጫካ እየተዘጋጀ ነው ብዬ በጭንቀቴ ላይ ሌላ ጭንቀት ደረብኩ። ያን ሰሞን ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ፤ ሳይጮህ ሲውል ይብስብኛል። ሄዶ ይሆን እያልኩ ራሴ እደውላለሁ። ሲያነሳው ደግሞ የምለው ይጠፋኛል፤ «እ... ዝናብ አለ እዚያ?» ብዬ ጠይቄው እዘጋለሁ።

በበጋው መጨረሻ ባለመነጽሩ ሰውዬ አንድ ነገር አግኝቻለሁና ኑ ብሎ ላከብን። ሄድን። ከመሳቢያ አወጣና ያው ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። እጀታው ቡናማ እንጨት፣ ከሥሩ የማንገቻ ቀለበት ያለው። እግዚኦ! የአባዬ ሽጉጥ ነው የሚመስለው፤ ተሰርቆ የመጣ ነው ቢሉኝ አምን ነበር። ባለሱቁ ጥይቱ ከጠመንጃችሁ ጥይት ጋር አንድ ነው፣ አንድም እንከን የለውም፣ አለኝ።

«ምን አለ?»

«ተሸጧል... ለሌላ ሰው ተይዟል አለ።»

ባለሱቁ ይህን ስል ሽጉጡን በፈገግታ ወደ ጋሼ ገፋ አደረገለት። ጋሼ አየው፤ እኔን አየኝ። «የተሸጠ ዕቃ እንዲህ ይሰጣል እንዴ?» አለ፤ አልተቆጣም። ሽጉጡን አነሳው።

ያኔ ፈነዳሁ። «አትሄድም! ሰማህ? ሱዳን አትሄድም! አንተንም እንደ አባዬ ገድለው ሬሳህን ሊከለክሉኝ ነው? ማን አለኝ እኔ?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጋሼ ሽጉጡን ቀስ ብሎ ጨርቁ ላይ መለሰው።

«ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አንተስ?»

«ከጾም ጀምሮ። እዚያ ጄኔቭ፣ እኔ ሰፈር ሰርቬት ያሉት ሽማግሌ ነገሩኝ። ለእህትህ እንዳትነግራት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ የሆነ ነገር ትሆንብሃለች፣ ፋሲካ ይለፍና ሰብሰብ ብለን እናረዳታለን አሉኝ።»

ጢሙን አየሁት። ፋሽን አለኝ፣ የሐዘን ጢሙን! ሹራቤን ወደ ላይ ገልጬ ጥቁሩን ካናቴራ አሳየሁት። ሁለታችንም እዚያው፣ በሽጉጥ በተሞላው ሱቅ መሀል፣ ተቃቅፈን ተንሰቀሰቅን። ባለሱቁ ምን እንደነካን ሳይገባው ወንበር ያቀርባል፣ ውሃ ያመጣል፣ ሽጉጡን መልሶ መሳቢያ ውስጥ ይከታል።

«ሱዳንን ማን አነሳ?» አለኝ ጋሼ አፍንጫውን እየጠረገ። «የአያታችንን ለቅሶ ረሳሽው? አባዬ ሬሳ የለው፣ መቃብር የለው። ጠመንጃና ሽጉጡን እንኳ በገዛ እጁ አስረክቧቸዋል። በምን ላልቅስለት? ቢያንስ የእሱን የሚመስሉ ይቁሙለት ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ያን ሁሉ ሱቅ ስታዞረኝ ከረምክ? ያ ዝጓል ያልኩህ እኮ አልዛገም!»

«አላየሁም መሰለሽ?» አለ። «ሽጉጡ የተገኘ ዕለት ልነግርሽ አስቤ ነበር። አንቺ እንከን ባወጣሽ ቁጥር አንድ ቅዳሜ ተረፈችልኝ እል ነበር።»

ያም ሆኖ አላመንኩትም። እውነቱን ነው የምለው፤ ወንድሜን ስለማውቀው አላመንኩትም። ለለቅሶ ነው ብሎኝ፣ አልቅሶ ጨርሶ፣ ሁለቱንም ይዞ ቢሄድስ? ፈቃዱን ሲሰጥ፣ ሲፈርም፣ ባለሱቁ ሽጉጡን ሲጠቀልል ዓይኔን ከፊቱ ላይ አልነቀልኩም። ልቤ እዚያው እንደተንጠለጠለች ነች።

ባለሱቁ ጨርሶ ቀና አለና ስንት ፓኮ ጥይት እንደምንፈልግ ጠየቀኝ። ወደ ጋሼ ዞሬ የተባልኩትን እንዳለ ነገርኩት።

ጋሼ ተገርሞ አየኝ። «ምን ይሠራልናል? ጥይት አንፈልግም በይው» አለ።

ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ከሰዓት ጄኔቭ የሚሄደው ባቡር ውስጥ አብረን ገባን፤ በማግስቱ ጠዋት ሰርቬት፣ እሱ ቤት፣ ለቅሶ ልንቀመጥ ነው። ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በመስኮት ያያል። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩና ቀዩን ሹራቤን አወለቅኩ።