አቀበት ነው ወይስ ቁልቁለት

ልጅ ሳለሁ፣ መብራት በሚጠፋባቸው የካርቱም ምሽቶች፣ ተረት የሚነግሩን ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ነበሩ። አገር ቤት ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ ያኔ ግን ዐማራት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ዛፍ ሥር ሻይ ይሸጣሉ። ሲመሽ ከካኑናቸው፣ ከከሰል ምድጃቸው፣ የተረፈውን ፍም ይዘው ወደ ግቢያችን ይመጡና፣ ፋኖሱ አጠገብ ተቀምጠው፣ አውሬዎቹን ሁሉ እንደ ሰነፍ ተማሪ እያመናጨቁ ያወሩልናል።

ያን ዓመት ከዐረብኛ ትምህርት ቤት ሐበሾች ወደሚማሩበት ተዛውሬ ነበር። የሒሳብ ፈተናውን ከወደቅሁ ትምህርቱ አበቃ፤ እናቴ እዚያው ካርቱም፣ ጣኢፍ ሰፈር፣ በሠራተኝነት የምገባበት ቤት አግኝታልኛለች። የሚያስቸግረኝ ደግሞ ከሁለት ነጥብ ተነስቶ የቀጥታ መስመርን እኩልታ ማግኘት ነበር።

አንድ ምሽት እትዬ ዘውዴ በከሰል መቆስቆሻው አፈሩ ላይ (1፣ 3) እና (4፣ 9) የሚሉ ነጥቦች አስቀምጠው በመስመር አገናኟቸው። ከዘጠኝ ሦስት ቀነስኩ፤ ከአንድ ደግሞ አራት። ስድስትን ለኔጌቲቭ ሦስት አካፍዬ፣ «ተዳፋቱ ኔጌቲቭ ሁለት» አልኩ።

«እኔ ሽቅብ ሠርቼልሽ አንቺ ቁልቁል ትወርጂያለሽ?» አሉ። «የላዩን ከቀኝ፣ የታቹን ከግራ ጀመርሽ። ዐረብኛና አማርኛሽን እዚህም አደባለቅሽው!»

«ኻላስ፣ ይብቃ እትዬ፣ ተዉአት» አለች እናቴ ከውስጥ። «ጣኢፍ እንደሆነ ሜዳ ነው።»

እትዬ ዘውዴ ግን ተረት ጀመሩ። ጦጣና ኤሊ ከሁለት ጫፍ መጥተው መንገድ ላይ ተገናኙና አንዷ አቀበት ነው፣ ሌላዋ ቁልቁለት ነው ተባባሉ፤ አህያ ዘንድ ለዳኝነት ቀረቡ። አህያም፣ «ከፈለጋችሁት ጫፍ ተነሱ፤ መንገዱ ያው ነው። የፊት እግራችሁ ከአንዱ ጫፍ፣ የኋላው ከሌላው ከተነሳ ግን የትም አትደርሱም» አላቸው።

ሁለቱንም ከቀኝ ጀመርኩ፤ ሁለት። ሁለቱንም ከግራ፤ አሁንም ሁለት። ከመጀመሪያዋ ነጥብ ጋር ሳገጣጥመው y = 2x + 1 ሆነ።

«ሁለተኛዋን ነጥብም ጠይቂያት እንጂ» አሉ። በ x ቦታ አራት ሳስገባ ዘጠኝ ወጣ።

ፈተናው ላይ ጣቴን የመስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ አሳርፌ እስክጨርስ አላነሳሁትም። አለፍኩ። የጣኢፉ ቤት ሌላ ልጅ ገባችበት፤ ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም።

ከተረቶቹ አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። ካርቱም ሜዳ ስለሆነ፣ እውነተኛ አቀበት በእግሬ የወጣሁት ካደግሁ በኋላ ነው። መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ወደ ኋላ ብዞር፣ የመጣሁበት ሁሉ ቁልቁለት ሆኖ ጠበቀኝ። ጦጣም ኤሊም አልተሳሳቱም ነበር። ያኔም ሳላስበው ጣቴ የቀኙን ጫፍ ሲፈልግ አየሁት።