የሸርጣን አፈሳ

ልጅ እያለሁ ሸርጣን በየት በኩል እንደሚያዝ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ነው። ድንጋዩን ቀስ ብለህ ትገለብጣለህ፤ ውሃው እስኪጠራ ትጠብቃለህ፤ ከዚያ መቆንጠጫው በማይደርስበት በኩል፣ ከኋላው ጀርባውን ይዘህ ታነሳዋለህ። ከጎረቤላ ከተማ በታች፣ ከጥብቁ ደን የሚወርደው ወንዛችን የጥድና የእርጥብ ቅጠል ሽታ ነበረው።

በደርግ ጊዜ ነው። አንድ እሁድ የደኑ ጠባቂ ጋሽ ሸዋረጋ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሕዝቡን አስቆሙ። ከአዲስ አበባ የመጡ አጥኚዎች ሸርጣን ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ጥቃቅን ትሎች በደኑ ውስጥ ምን ያህል እንዳሉ ሊያዩ ኖሯል። ጋሽ ሸዋረጋ ይህን ሁሉ አሳጥረው፣ “ነገ አፈሳ ስላለ ወጣቶች በጠዋት ወንዝ ዳር ተገኙ” አሉ። እሳቸው ሸርጣን ለቅሞ ለአጥኚዎቹ መስጠት ማለታቸው ነበር። ያኔ ግን አፈሳ የሚባለው ወጣቱን ከያለበት እየያዙ ለውትድርና መውሰድ ነው። ጎረቤታችን፣ ዘንድሮ ደግሞ በገዛ እግራችሁ ኑ ማለት ጀመሩ ብሎ ቀለደ፤ ከዚያ እሱም ሸሽቶ ተደበቀ። ደምሴም ሊደበቅ ደን ገባ።

ወንድሜ ከሳንባ ምች ገና ማገገሙ ነበር። ሁለተኛ ሌሊት በዚያ ብርድ ካደረ እንደማይተርፍ እማዬ ታውቃለች። በማግስቱ እጄን ይዛ፣ ወታደሮቹን ልትለምን ወንዝ ወረደች። ወታደር አልነበረም። ሱሪውን የሰበሰበ አንድ አጥኚ ውሃ ውስጥ ቆሞ የሸርጣን እግር መጋጠሚያ በብሩሽ ይጠርጋል፤ የሚወጣውን ነጭ ሳህን ላይ ያራግፋል። እማዬ ምን እንደሚያፍስ ስትጠይቀው ማጉያ መነጽሩን ሰጣት። ከጤፍ ፍሬ ጥቂት የሚረዝሙ፣ ነጣ ያሉ ትሎች በጅራታቸው ተጣብቀው ራሳቸውን ያወዛውዛሉ።

“ልጄን ደን ያስገባው ይሄ ነው?”

“ሸርጣኑን አይጎዱትም፣ እናቴ” አላት፤ ስለ ትሉ የጠየቀችው መስሎት።

አንድ ሸርጣን እንዲያውሳት ጠየቀችው። የተያዘ ሸርጣን ሁሉ ወደ ድንጋዩ መመለስ አለበት አላት። ልጄን ይዤ ስመለስ አመጣዋለሁ አለችው። ሸርጣኑን በጣሳ ይዘን ደን ለደን እየተጣራን ወጣን። ከብዙ ጥሪ በኋላ ከቁጥቋጦ ውስጥ የደምሴ ሳል ተሰማ።

“እማዬ፣ ማንን አስከትለሽ ነው የመጣሽው?”

“ሸርጣን። የሚያፍሱት እሱን ነው።”

ጣሳውን አይቶ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። እማዬ ነጠላዋን ደረበችለት፤ ሸርጣኑንም እንዳለችው መለሰች።

ዛሬ ወንዙ ቀንሷል፤ ትሎቹ ግን ድንጋይ ስገለብጥ አሁንም ሸርጣኑ ላይ አሉ። ባለፈው መኸር ገብሱ ተወቅቶ ሲያልቅ ደምሴ ልጆቹን “ኑ፣ አፈሳ!” ብሎ ጠራቸው። ጆንያ ይዘው እየተሽቀዳደሙ መጡ። እማዬ ብቻ ከበሩ ብቅ ብላ መንገዱን አየች።