ሮኬት በመረግድ

እኔ በወጣትነቴ ጊዜ፣ ድጓ አልገባ ያለው የቤተ ክህነት ተማሪ ሁለት ዕድል ነበረው፤ ወይ ማረስ፣ ወይ ክታብ መጻፍ። ለእኔ ሦስተኛ ተጨመረልኝ። አብዮቱ ኦርጋን አመጣልኝ።

የአውራጃው ኪነት ቡድን ኦርጋኑን ከደሴ ሲያስመጣ የሚነካውን ሰው ማስመጣት ረሳ። "ዜማ የተማረ ይፈለግ" ተባለ። ላሊበላ ላይ የሚቸግረው ዜማ ያልተማረ ማግኘት ነው! ግን ሌሎቹ ተምረው ጨርሰው ደብር ደብራቸውን ይዘዋል። ጀምሮ ያልጨረሰ፣ በዚያ ላይ ሥራ ፈት፣ እኔ ብቻ ነበርኩ። ተመረጥኩ።

ዕቃው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው፤ አንዷን አዝራር ስትነካት ከበሮ ያለ ሰው ይመታል። ቁልፎቹ ሁሉ አንድ እየመሰሉ ስላስቸገሩኝ፣ እንደ ድጓው በቀይና በጥቁር ቀለም የዜማ ምልክት ጻፍኩባቸው፤ እዚህ ድፋት፣ እዚያ ቅናት፣ ወዲህ ይዘት። ያስተማሩኝ የኔታ ሊያዩት መጡና ዙሪያውን ዞሩት።

"ቀለሙ የኔ ነው?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ብራና ላይ እንዲህ አሳምረህ ጽፈህልኝ አታውቅም።"

አንድ ቀን ወደ ሰሜን የሚዘምት የሮኬት ጦር ከተማችን አረፈ። አዛዡ ሩሲያ የተማረ ሻምበል ነው። ሮኬቱን በሚያነጣጥረው ማሽን ዳታ የሚያስገባለት ወታደር ወባ ጥሎት ወልድያ ቀርቷል። ካድሬያችን እንግዳውን ለማስደሰት ኪነት አቀረበ፤ ሻምበሉ ግን ዘፈኑን ትቶ ጣቶቼን ያያል። ሲያበቃ መጥቶ ቁልፎቹ ላይ አጎነበሰ።

"ይህን ኮድ ማን አወጣው?"

"እኔ ነኝ፣ ጓድ ሻምበል" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"ኤሌክትሮኒክስ ያው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ጠዋት ትፈተንና ከእኛ ጋር ትሄዳለህ።"

ደረቴ ወዲያው ተነፈሰ። በዚያ ዓመት ከእኛ ሰፈር ወደ ሰሜን ከሄዱት ውስጥ ተመልሶ ያየነው የለም። እናቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ካድሬው ደጅ ሄደች።

"እማማ፣ ልጅዎ እኮ ለሳይንስ ነው የተመረጠው" አላት።

"ሳይንሱ ይመልስልኛል?" አለችው።

ጠዋት ሮኬቱ የተጫነበት መኪና ላይ አወጡኝ። ፊቴ አዝራር የሞላበት የብረት ሳጥን አለ። ሻምበሉ ርቀቱን፣ አቅጣጫውንና ንፋሱን በቁጥር ሊነግረኝ፣ እኔ ላስገባ፣ ሳጥኑ ደግሞ ሮኬቱ ወዴት እንደሚነጣጠር አስልቶ ሊናገር ነው። አእምሮ ያለው ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ፈተናውን ለመውደቅ ጣቱን ያደነዝዝ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ ሳቅድ ያደርኩት ይህንኑ ነው። ቀና ስል ግን ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ የኔታም መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ሰው ፊት ስቆም ማበላሸት አልችልበትም! ሞቱን ረሳሁትና አሳምሬ ልሠራ ቆረጥኩ።

አሳምሬ መሥራት የማውቀው ደግሞ አንድ መንገድ ነው። በማኅሌት አንድ ቃል አንዴ ተብሎ አይታለፍም። መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ እየዘመሙ ይደገማል፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብቶ መረግድ ይሆናል፤ መጨረሻ በጽፋት ጭብጨባው ይፈጥናል። ሻምበሉ ቁጥሮቹን ተናገረ። ቀስ ብዬ አስገባሁ። ወገቤን እያወዛወዝኩ ደገምኩ። በእግሬ ወለሉን እየመታሁ ሠለስኩ። ሳጥኑ ቀይ መብራት አብርቶ ይጮህ ጀመር፤ እኔ አብሮኝ የሚያዜም መስሎኝ ነበር።

"ስንት ጊዜ ነው ያስገባኸው?" አለ ሻምበሉ።

"እንደ ሥርዓቱ ነው፣ ጓድ ሻምበል። አንዴ በቁም፣ አንዴ በዝማሜ፣ አንዴ በመረግድ። ጽፋቱ ይቀረኛል።"

ሻምበሉ አንዴ ሳጥኑን፣ አንዴ ተራራውን አየ።

"አሁን ወዴት ነው ያነጣጠረው?" አለ ካድሬው ከታች።

"ወይ ሱዳን፣ ወይ እዚሁ የቆምንበት።"

ሮኬቱ ሸራውን እንደለበሰ ነበር፤ ካድሬው ግን ሄዶ ከእናቴ ጀርባ ቆመ።

"ውረድ!" አለኝ ሻምበሉ። ወርጄ ሳልጨርስ ወደ ወታደሮቹ ዞረ፦ "ይህን ይዘን ከሄድን ጠላት ምን ሥራ ይኖረዋል?"

መኪኖቹ አቧራቸውን አልብሰውን ሄዱ። እናቴ እልል አለች። ከተማው ከበበኝ፤ "አቤት ብልሃት! ጅል መስሎ አመለጠ!" አሉ። እኔም እንደ ብልህ ሰው አንገቴን አቀረቀርኩ። የኔታ ቀስ ብለው ቀረቡ።

"ሆን ብለህ ነው?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ውሸታም! ይህን ያህል ብልሃት ቢኖርህማ ድጓው በገባህ ነበር።"

ጥቂት ሄደው ዞር አሉ።

"መረግዱ ግን ደህና ነበር።"

በዕድሜዬ ከእሳቸው አፍ ያገኘሁት ምስጋና ይሄው ነው። እሱም ሮኬት ላይ።